በትርንጎ ካርድ ላይ ያደረግኩት ራይት

ለማንም ተናግሬው የማላውቅ አንድ ነገር አለ። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ነፍሱን ይማርና ሳይሰማው ሞተ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጎረቤቴን የተቀየምኩበትን ቀን ሳይቀር ዘርዝሬአለሁ። እዚህኛው ላይ ስደርስ አቆማለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ አለ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሌላ አለ፣ እሳቸውም አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ይሸኙኛል።

ነገሩን አስቀድሜ ልናገረው። አስተማሪ ነኝ፣ ማብራራት ልማዴ ነው፣ እያብራራሁ እንዳላመልጥ እፈራለሁ። የወንድሜ ልጅ ስትታመም መድኃኒቷን እንድሰጣት አደራ ተቀበልኩ። አልሰጠኋትም። ሰጥቻታለሁ ብዬ ካርዷ ላይ ምልክት አደረግኩ። ሲጠይቁኝ ዋሸሁ። በእኔ ውሸት ልጅቷ ጆሮዋን አጣች። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አንዳንድ ቦታ ላይ ምክንያት መደርደር ሊመስላችሁ ይችላል። እዚያ ስትደርሱ አትመኑኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩት እዚሁ መካነ ሰላም፣ አንደኛ ደረጃ ነው። ታናሽ ወንድሜ አራጋው ግን ገጠር ቀረ፤ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ፣ ወደ ዓባይ ቁልቁል በሚያየው አፋፍ ላይ ያርሳል። ትርንጎ ሁለተኛ ልጁ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አንገቷ ሥር እንቁላል የሚያክል እብጠት ወጣባት። በቅቤ አሹት፣ አልጠፋም። ጤና ጣቢያ ወሰድናትና ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ የዕጢ ቲቢ ነው ተባለ። ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ይድናል፤ ግን ክኒኑ በየቀኑ፣ ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል መወሰድ አለበት።

«እታለም፣» አለኝ አራጋው፣ «እኔ ከበሬና ከእርሻ ጋር በየት በኩል ሰዓት ጠብቄ እሰጣታለሁ? አንቺ ፊደል ቆጥረሻል። ልጄን እጅሽ ላይ ጥያት መሄዴ ነው።»

እጄ ላይ ጥሏት ሄደ። ግንቦት ነበር።

የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ዘሀራ ትባላለች። በሥራዋ ቀልድ የማታውቅ፣ ከሥራዋ ውጭ ግን ሳቋ ከግቢው በር የሚሰማ ሴት ነበረች። በሽተኛው ወይ በየቀኑ እሷ ፊት መጥቶ ይውጣል፣ አለዚያ ደግሞ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ተመርጦ ቤቱ ይሰጠዋል። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል መግባት እንዳለብኝ ስነግራት ካርዱንና የሳምንቱን ክኒን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጆቼን እንዲያስተምሩ አምኜ የምሰጥዎትን ሰው በክኒን አልጠረጥርዎትም፣ እትዬ። ከዋጠች በኋላ እዚች ሣጥን ውስጥ ራይት ያድርጉ። ለእርስዎ ራይት ማድረግ ማን ያስተምራል?»

ሁለታችንም ሳቅን። ስንት ሺህ ደብተር ላይ ራይት አድርጌ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስህተት የሆነ መልስ ላይ በሐሰት ራይት አድርጌ ግን አላውቅም ነበር፤ የአለቃችን ልጅ ደብተር ላይ እንኳ።

ትርንጎ ክኒን መዋጥ አትችልም ነበር። እምቢተኛ ሆና አይደለም። ትሞክራለች። ክኒኑ ምላሷ ላይ ሲያርፍ ውሃውን ትጎነጫለች፣ ውሃው ይወርዳል፣ ክኒኑ ይቀራል፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ያቀርርና ሆዷ ይገለበጣል። ዘሀራ ይህን አይታ አግዳሚው ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻትና ለእኔ ቀስ ብላ አሳየችኝ። ክኒኑን በሁለት ማንኪያ መሃል አድርጎ መድቆስ። በጥቂት ውሃ መበጥበጥ። ልጅቷ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ማድረግ፣ ማንኪያውን ራሷ እንድትይዝ መተው። ትንሽ በትንሽ። በየመሃሉ ማር ማስላስ።

«አያስቸኩሏት። አይቆጧት። አፍንጫዋን ደግሞ አደራ እንዳይዙ፣ ትን ይላታል። ግማሽ ሰዓት ይፈጅብዎታል። አብሽሩ፣ ኢንሻአላህ ትለምደዋለች።»

ትለምደው ነበር። ይህን ዛሬ በደንብ አውቃለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ማንኪያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ አሥር እየቆጠረች ትጨርሰው ጀምራ ነበር። የጎደለው የእሷ ጉሮሮ አይደለም፤ የእኔ ግማሽ ሰዓት ነው።

ሰኔ ላይ የፈተና እርማት ተከመረብኝ። አንድ ጠዋት ጋዎኔን ለብሼ፣ ወረቀቶቼን አቅፌ፣ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኳት እስከ ሰባት ቆጥራ አቆመች። እንደገና ከአንድ ጀመረች። ወረቀቱን አስቀመጥኩና አፍንጫዋን ያዝኩ። አደራ እንዳይዙ የተባልኩትን አፍንጫ ያዝኩ። አፏ ሲከፈት ማንኪያውን እስከ ጉሮሮዋ ሰደድኩት። ትን አላት። ከንፈሯ ጠቆረ፣ እጇ አየር ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል፣ ድምፅ ግን የለም። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ጀርባዋን ስመታት ሳለችና ቀዩን ብጥብጥ ነጭ ጋዎኔ ላይ ተፋችው። ያንን ጋዎን ለብሼ ክፍል ገባሁ። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ደም ነክቶሻል» አለኝ። ቀለም ነው አልኩት።

ከዚያን ቀን ወዲያ ማንኪያ ስታይ ጥርሷ ይገጥማል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ከረሜላ ገዛሁላት። ሌላም ዘዴ አመጣሁ፤ ክኒኑን ደቁሼ ሽሮ ውስጥ ለወስኩና አጎረስኳት። አንዴ አኘከችና ቆመች። አልተፋችውም፣ አላለቀሰችም፣ ዋጠችው። ግን ከዚያ በኋላ ከእጄ አልጎረስ አለች። እጄን ስዘረጋ ፊቷን ወደ ትከሻዋ ታዞራለች፣ ከዚያ ከትሪው ዳር ራሷ ቆርሳ፣ አሽትታ ትበላለች። ባሌ በዚያን ጊዜ ደጎሎ ነበር የሚሠራው፤ ለእሑድ ሲመጣ አይቶ «ምን አድርገሻት ነው ይቺ ልጅ ከእጅሽ የማትበላው?» አለኝ። እንግዳ ሆኖባት ነው አልኩት። እንደዚህ ሁለት ወር ታገልን። አንዳንድ ቀን ሁሉም ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን ግማሹ፣ እኔ ግን እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ሞክሬአለሁ። ይህን የምጽፈው እንድትራሩልኝ አይደለም። እስከዚያ መሞከር ከቻልኩ ከዚያም በኋላ እችል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ፍልሰታ ገባች።

የፍልሰታን ጾም በእኛ ሰፈር ልጆቹ ናቸው የሚጠብቋት። የነሐሴ ጭጋግ ከሜዳው ሳይነሳ በላስቲክ ጫማ ጭቃውን እያቦኩ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ይሄዳሉ፤ ቅዳሴው ወጥቶ ቆርበው ሲመለሱ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው በሰልፍ ነው። ትርንጎ ከአጥሩ ሥር ቆማ አየቻቸው።

«እትዬ፣ እኔም ልጹም? እኔም ልቁረብ?»

«ጹሚ» አልኳት። ለመመለስ ጊዜ አልወሰደብኝም።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ እኔም ያደግኩት ደጀ ሰላም ነው። የታመመ ሰው በጾም እንደማይገደድ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ሳቅ ብለው «ልጂቱ መድኃኒቷን ትዋጥ፣ ጾሙ ስትድን ይደርሳል» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጠየቅኳቸው።

ለራሴ የነገርኩት እንዲህ ነው። ጠዋት እንዳልሰጣት፣ ከመቁረቧ በፊት ጠብታ ውሃ እንኳ ምላሷን አይነካም። ከቆረበች በኋላ እንዳልሰጣት፣ ክኒኑ ያስመልሳታል፤ ቆርቦ ማስመለስ ደግሞ ማሰቡ ራሱ ያስፈራል። ማታ ከራት በኋላስ? ማታስ ማን ከለከለኝ? ማታም ያው የቆረበችበት ቀን ነው አልኩ። እንዲህ እያልኩ ለሃያ አራቱም ሰዓት አንድ አንድ ቅዱስ ምክንያት አገኘሁለት። ጊዜ አጣሁ እንዳልል ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል። የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ቀርቶ ግማሽ ቀን ነበረኝ። የደከመኝ የልጅቷ ዓይን ነው፤ ማንኪያ ይዤ ስመጣ የምታየኝ አስተያየት። ከዚያ ዓይን ማረፍ ፈለግኩ። ጾሟን መደበቂያ አደረግኳት።

ነሐሴ አንድ ቀን ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥቼ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቀለልኩና ሽንት ቤት ጣልኩት። ከዚያ ካርዱን አወጣሁ። እዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ራይት አደረግኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለመጥፎ ነገር ቢያንስ እጅ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ግን ጥሩ መስመር ያላት፣ ጥሩ ራይት ነው ያደረግኩት።

በዚያው ቀን ከቅዳሴ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ሽምብራ አሹቅ አቀረብኩላት። ከዚያ ራት ላይ ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ፣ እሷም ሳታሸት አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ዞር ብዬ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ማልቀስ የጸጸት አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነው። ልጅቷ ታረቀችኝ ብዬ ነው። ከእጄ እየበላች እንድትወደኝ ስል የምትድንበትን ነገር ጉድጓድ እየጣልኩ ነበር።

መድኃኒቱ ሽንት ያቀላል። ዘሀራ እንዳትደነግጥ ቀድማ ነግራት ነበር። በጾሙ በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ትርንጎ ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ ሽንቴ ዳነ። ቀይ አይደለም።»

ፊቷ በራ። ዳነች ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። መድኃኒቱ ከሰውነቷ ተሟጦ ወጣ ማለት ነው። አጠገቧ ቆሜ፣ ሁሉን እያወቅኩ፣ «ጎሽ» አልኳት። ከሠራሁት ሁሉ ይቺ ቃል ናት ብቻዬን ስሆን የምትመጣብኝ። ማንኪያው አይመጣብኝም፣ ጋዎኑ አይመጣብኝም። «ጎሽ» ማለቴ ይመጣል።

ጾሙ ሲፈታ እንደገና እጀምራለሁ ብዬ ነበር። ሲፈታ ግን እብጠቱ አንሷል፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ትዘፍናለች። ድናለች እኮ አልኩ። አንድ ቀን ሰጥቼ ሦስት ቀን ተውኩ፣ ከዚያ ሳምንት ተውኩ። ራይቱን ግን አንድም ቀን አልተውኩም። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ሣጥኖቹ በሙሉ ሞሉ። ዘሀራ ካርዱን ለሌሎች እናቶች ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ማሻአላህ፣ ይኼውላችሁ፣ ሰው ከልቡ ሲይዘው እንዲህ ነው» አለች። እናቶቹ በአድናቆት አዩኝ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ቆምኩ፣ ትሁት መስዬ። አራጋው ልጁን ሊያይ ሲመጣ አንድ ገምቦ ማር ይዞ መጣ። «ለመድኃኒቱ ስትይ የቤትሽን ማር ጨርሰሻል አሉ» አለኝ። ማሩን ተቀበልኩ።

ጥር ላይ እብጠቱ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሁለት ሆኖ ነው፣ አንደኛው ፈነዳና መግል አወጣ።

ዘሀራ ካርዱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ «እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አላመለጣትም?» አለችኝ።

«አንድ ቀን እንኳ» አልኩ።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈችልን። አራጋው፣ እኔና ትርንጎ በሚኒባስ ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ በትዕግሥት ነው ያነጋገረን። ካርዱን አይቶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ያንኑ መልስ ሰጠሁት። አንዴ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ «መዋጥ የሚያስቸግራት ልጅ ናትና አንዳንዴ ቢዘለል አይፈረድብዎትም፤ ለሕክምናው ስለሚለይብን ነው» አለኝ። በሩን ከፍቶልኝ ነበር። ከዚህ በላይ ማን በር ይከፍታል? አራጋው ከጎኔ ሁለት እጁን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ተቀምጧል። በዓይኑ ያላመሰገነኝ ቀን የለም። «አልተዘለለም» አልኩ።

ክኒኑ በትክክል ተወስዶ በሽታው ከተመለሰ መርፌ ይጨመራል አለ ሐኪሙ። በየቀኑ፣ ለሁለት ወር። መርፌው አንዳንድ ሰው ላይ ጆሮ ሊነካ ይችላል፤ ግን በሽታውን መተው ይብሳል። እኔ ይህን ሰማሁ። ጆሮ የሚለውን ቃል ሰማሁ። ለመናገር አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የቀረኝ። ለምን አልተናገርኩም? ስለ ልጅቷ ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። የፈራሁት ስለ ስሜ ነው። አራጋው ምን ይለኛል፣ ዘሀራ እንዴት ታየኛለች፣ መምህራኑ ሲሰሙ ብዬ ነው። የልጅቷን ጆሮና የእኔን ስም አንድ ሚዛን ላይ አስቀምጬ የእኔን ስም መረጥኩ።

በየጠዋቱ እጇን ይዤ ወሰድኳት። አታለቅስም። «መርፌ ይሻላል እትዬ፣ አይመርም» ትለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር መጋቢት ላይ፣ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ ሳለ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጣ «እትዬ፣ ዝናብ እየጣለ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ይሰማኛል እኮ፣ ቆርቆሮው ላይ።» ውሃ ገብቶሽ ነው አልኳት። ለዘሀራ በዚያው ቀን መናገር ነበረብኝ። ሳምንት ቆየሁ። ስለ ልጅቷ አንድ ነገር ከተጠየቅኩ ሌላው ተከትሎ የሚወጣ እየመሰለኝ ስለ እሷ አፌን መክፈት እፈራ ነበር። ስነግራት ዘሀራ መርፌውን ወዲያው አስቆመችው። ለጆሮዋ አልረዳም፤ በሽታው ግን ቀስ በቀስ ለቀቃት።

መቼ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ የማውቀው ክፍል ውስጥ ነው። እኔው ክፍል ነበረች። ስም ስጠራ «ትርንጎ አራጋው» አልኩ። ዝም። ሁለተኛ ጠራሁ። ሦስተኛ ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ ልጆቹ ዞረው አዩዋት። እሷ በመስኮቱ የሚያልፍ ሰው እያየች ፈገግ ብላለች። ጎረቤቷ በክርኗ ስትነካት ወደ እኔ ዞራ፣ ዓይኗ ከፊቴ ላይ አንድ ነገር ፈልጎ አጣ። ያን ጊዜ ነው ማንኪያውን ስታይ የምታየኝን አስተያየት እንደገና ያየሁት፤ አሁን ግን የፈራችው እኔን አልነበረም፣ ዝምታውን ነበር።

ዘሀራ ልታጽናናኝ ቤቴ መጣች። አብራኝ አልቅሳ እንዲህ አለችኝ። «እትዬ፣ አላህ ያውቃል፣ እርስዎ የሚቻለውን ሁሉ አድርገዋል። ክኒኑ ተዘሎ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ክኒን ነበር እንደገና የምናስጀምራት፣ መርፌ ባልነካት። ግን አልተዘለለም። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ።» እጄን ይዛ ነው ይህን ያለችኝ። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ጆሮዋን ቀደም ብዬ መከታተል ነበረብኝ እያለች ራሷን ስትወቅስ እንኳ ምንም አላልኩ። በዓመቱ ዝውውር ጠይቃ ወረኢሉ ገባች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እዚያ መናኸሪያ ውስጥ ተገናኘን። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ትርንጎ ነው፣ ጠይቃኝም ዓይኗ እንባ ሞላ። የእኔን ኃጢአት ተሸክማ የምትዞር ሌላ ሴት አለች ማለት ነው። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተሰናበትኳት።

ትርንጎ እኔው ጋ ቀረች። ከንፈሬን እያየች፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩላት፣ ስምንተኛ ክፍል አደረስኳት። ሰዎች ይህን ያያሉ። «የወንድሟን ልጅ ከሞት አትርፋ፣ አስተምራ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች» ይሉኛል። ትናገራለች፣ ግን ድምፅዋ እዚያው የዘጠኝ ዓመቷ ላይ ቀርቷል፤ ትልቅ ሴት በሕፃን ድምፅ ስታወራ መስማት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ዛሬ የጥልፍ ሥራዋ የታወቀ ነው፣ ደግ ባል አላት፣ ብሌን የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለቻት።

ባለፈው ሰኞ ብሌንን ይዛ መጣች። ልጅቷን የሚጥል በሽታ ጀምሯታል። በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ታዞላታል፣ ማቋረጥ አደገኛ ነው ተብላለች። ብሌን መዋጥ አትችልም። ትርንጎ ጠረጴዛዬ ላይ ክኒኑን አስቀመጠችና በዚያ ድምፅዋ እንዲህ አለችኝ።

«እትዬ፣ ትን ቢላት አልሰማትም። ፊቴን ባዞር አልሰማትም። እፈራለሁ። ለኔ እንደሰጠሽኝ ስጫት።»

ለኔ እንደሰጠሽኝ ስጫት።

የዚያን ቀን በዘሀራ መንገድ ሰጠኋት። ደቆስኩ፣ በጠበጥኩ፣ ማንኪያውን ብሌን ራሷ ያዘች። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ትርንጎ ጉልበቴን ሳመችው። ሁሉን ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ከንፈሬንም ማየት ጀመረች፣ ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ይህን ከሰማች ልጇን ይዛ ትሄዳለች፣ ያን ጊዜ ለብሌን መድኃኒቷን ማን ይሰጣታል? ለልጅቷ ሲባል ዝም ማለት ይሻላል። ደግ ሐሳብ ይመስላል፣ አይደል? ይህን ሐሳብ በደንብ አውቀዋለሁ። ነሐሴ ላይ ነጠላ ለብሶ የመጣብኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ለትርንጎ አስተማርኳት። ልጇን ፊት ለፊቷ እንድታስቀምጥ፣ ዓይኗን ከአፏ እንዳትነቅል፣ መዳፏን ቀስ አድርጋ ልጅቷ ጉሮሮ ላይ እንድታሳርፍ። ሲዋጥ በመዳፏ ይሰማታል። ሳል ቢመጣም ከጆሮ ቀድሞ መዳፍ ያውቀዋል። ትናንት እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ምንም ሳልነካ፣ ብቻዋን ሰጠቻት። ብሌን ዋጠች። ትርንጎ መዳፏን ሳታነሳ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ከእንግዲህ እኔን የምትፈልግበት ምክንያት የለም፣ እኔም የምደበቅበት።

እስካሁን እናንተ እያልኩ ስጽፍ የቆየሁት ፈርቼ ነው። ይህን ደብተር የማስረክበው ለአንቺ ነው፣ ትርንጎ። ማንበብ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ያለ ጆሮም ይህን መስማት ትችያለሽ። ለዘሀራ ለብቻዋ እነግራታለሁ፣ ለአባትሽም እነግረዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን አንቺ።

በዚያ ክረምት የዳንሽ መስሎሽ ስትሮጪ ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ አልዳንሽም ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ጆሮሽን የነሳሽ በሽታው አይደለም፣ መርፌውም አይደለም፣ ጾሙም አይደለም። እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ገጽ ፈልገሽ «ይቅር በይኝ» የሚለውን አታገኚውም። አንቺ ደግ ነሽ፤ የጻፍኩትን ሳትጨርሺው ተነስተሽ አንገቴ ላይ ትጠመጠሚያለሽ። አትነሺ። ተቀምጠሽ ጨርሺው።